የጣሊያን ጊዜ አያትን ፍለጋ፦ ከቤተሰብ ወሬ እስከ ልደት መዝገብ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከኢትዮጵያዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለዱት ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አዲስ አበባም ይኑሩ ሮም ወይም ዋሽንግተን፣ ፍለጋ ሲጀምሩ በእጃቸው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ስም፣ አንድ የደበዘዘ ፎቶና «ሹፌር ነበር ይሉታል» የሚል ወሬ ነው። ከዚህ ተነስቶ መዝገብ ላይ መድረስ ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ግን ጣሊያን ላሉ አሥር መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ልኮ ከአንዱም መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጣሊያን መዝገቦች የተደራጁት በተወለዱበት ኮሙኔ (የከተማ ወይም የገጠር ማዘጋጃ ቤት) እና በተወለዱበት ዓመት ነው። «በ1930 ዓ.ም. ደሴ የነበረ ማሪዮ» ብሎ የሚፈልግልዎ ማንም የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያመራው ወደ ሁለት ነገሮች ነው፦ ኮሙኔውና የልደት ዓመቱ። ሁለቱ ከተገኙ የቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ዓ.ም. ያልተባለ ዓመት ሁሉ ከዚህ በታች የፈረንጅ ነው።

ወረቀት ለምን እንደሌለ መጀመሪያ ይወቁ

ብዙ ሰው የአባትየው ስም ያለበት የልደት ወረቀት ሲያጣ ታሪኩ ሐሰት መሆን አለበት ብሎ ይተወዋል። ወረቀቱ የጠፋው ግን በሕግ ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1937 የወጣው የጣሊያን ድንጋጌ ቁጥር 880 አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ፈረደበት። ሜይ 13 ቀን 1940 የወጣው ሕግ ቁጥር 822 ደግሞ ጣሊያናዊው አባት ልጁን ልጄ ብሎ እንዳያስመዘግብ፣ የቤተሰብ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ፤ የማሳደጊያውን ሸክምም በእናትየው ወገን ላይ ጣለው። ሕጉ የተሻረው በ1947 ነው፤ ያኔ አብዛኞቹ አባቶች ከአገር ወጥተው ነበር።

ስለዚህ በ1937 እና በ1941 መካከል ለተወለደ ልጅ የአባት ስም ያለበት ወረቀት ቢታጣ አያስደንቅም። አንዳንዱ አባት ቤተሰቡን የደበቀው ከፍቅር ማነስ ሳይሆን እስራት ፈርቶ ነው፤ የራሱን ትክክለኛ ስም ለእናትየው ያልነገረም አይጠፋም። በኤርትራ ከ1936 በፊት ለተወለዱት ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አባት ልጁን ማስመዝገብ ይችል ስለነበር፣ የአስመራ ካቴድራል የጥምቀት መዝገብና የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ የመጀመሪያ በር ናቸው።

1. ሽማግሌዎቹን መጠየቅ

በሕይወት ካለው ትልቅ ሰው ይጀምሩ፤ ዛሬውኑ። ድምፅ ይቅረጹ፣ ግን ከመቅረጽዎ በፊት ያስፈቅዱ። በዚያ ዘመን ከጣሊያን መውለድ በብዙ ቤት እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር አንዳንድ እናት በልጆቿ ፊት አትናገርም። እማማን ብቻቸውን፣ ቡና እየተጠጣ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠየቅ በአንድ ቀን ከመጨቅጨቅ ይሻላል።

«ስሙ ማን ነበር?» ብለው አያቁሙ። የሚጠቅሙት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

- ጓደኞቹ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? እርስዎስ?
- ዩኒፎርም ነበረው ወይስ ሲቪል ይለብስ ነበር? ባርኔጣው ምን ይመስል ነበር? ላባ ነበረው?
- ምን ይሠራ ነበር? መኪና ይነዳ ነበር? መንገድ ሥራ ላይ? ወፍጮ? ጋራዥ? ቢሮ?
- የት ሰፈር ነበር የምትኖሩት? መጀመሪያ የት ተገናኛችሁ፣ ከዚያ ወዴት ተዛወረ?
- ስለ አገሩ ምን ይናገር ነበር? ባሕር፣ በረዶ፣ ወይን፣ ተራራ?
- የሄደው መቼና ከየት ነው? ተማረከ? ታመመ? ከሄደ በኋላ ደብዳቤ ወይም ገንዘብ መጣ?
- ያኔ ጎረቤት የነበሩ፣ ከጣሊያን የወለዱ ሌሎች ሴቶች እነማን ነበሩ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉት። የአንድ ሻለቃ ወታደሮች ወይም የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች አንድ ሰፈር ይኖሩ ስለነበር፣ ጎረቤቲቱ ስሙን በትክክል ይዛ ከሆነ የእርስዎ አያት ክፍል ከዚያ ይገኛል።

ማዕረግን በጥርጣሬ ይስሙ። በቤተሰብ ወሬ ውስጥ ሁሉም ጣሊያን «ካፒቴን» ወይም «ኢንጂነር» ነው። አብዛኞቹ ተራ ወታደር፣ ካፖራሌ፣ ሹፌር ወይም የቀን ሠራተኛ ነበሩ።

ከዚያ የልጁን (የአባትዎን ወይም የእናትዎን) ወረቀቶች በሙሉ ይሰብስቡ፦ የክርስትና፣ የትምህርት ቤት፣ የሥራ፣ የጋብቻ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ ዘመን የሚተርፈው የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። የአባት ስም ቦታ ላይ የእናትየው አባት፣ የእንጀራ አባት ወይም የክርስትና አባት ስም ሊገኝ ይችላል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም፣ ቀንና ቦታ በአንድ ሠንጠረዥ ይዘርዝሩ። ልጁ በካቶሊክ ሚሲዮን ያደገ ከሆነ የሚሲዮኑን የጥምቀት መዝገብ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ጊዜ በጠርዙ ላይ የአባትየው ስም ተጽፎ ይገኛል።

2. ቀኑን ማስላት

ሽማግሌዎች ቀንን በበዓልና በክስተት ያስታውሳሉ፦ «ከየካቲት 12 ፍጅት በኋላ ባለው ክረምት»፣ «በአስተርዮ ማርያም»፣ «ጣሊያን ሊወጣ ሲል»። ይህን ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጡ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይደመራል።

ምሳሌ፦ ልጁ የተወለደው ጥር 21 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው እንበል። ይህ ጃንዋሪ 29 ቀን 1939 ነው። ከዚያ 266 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ሜይ 8 ቀን 1938 (ሚያዝያ 30 ቀን 1930 ዓ.ም.) ይመጣል። ሁለት ሳምንት ወዲህ፣ ሁለት ሳምንት ወዲያ ይጨምሩበት። የሚፈልጉት ሰው በዚያ ጊዜ በዚያ ከተማ የነበረ ሰው ነው። በኋላ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አራት ሰዎች ሲቀርቡልዎ የሚለየው ይህ ስሌት ነው። የልደት ዓመቱ በግምት የተነገረ ከሆነ ግን ስሌቱን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ ለትምህርት ቤት ተብሎ ዕድሜ መቀነስ የተለመደ ነበርና።

የዘመኑ ጣሊያን ወረቀት ደግሞ ከተራው ዓመት ጎን የፋሺስት ዓመት በሮማን ቁጥር ይጽፋል፤ አንዳንዴም እሱን ብቻ። ያ ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 28 ነው። 14ኛው ከኦክቶበር 28 ቀን 1935 እስከ ኦክቶበር 27 ቀን 1936 ነው፤ 16ኛው በ1937 ጀምሮ በ1938 ያበቃል፤ 19ኛው በ1940 ጀምሮ በ1941። ፎቶ ጀርባ ላይ «16» በሮማን ቁጥር ካዩ ሌላ ነገር አይደለም።

3. ስሙን ማቃናት

እዚህ ላይ ብዙ ፍለጋ ይሞታል። ጣሊያን መዝገብ ላይ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፦ «ሮሲ ማሪዮ»። ወታደሮቹም እርስ በርስ በቤተሰብ ስም ስለሚጠራሩ፣ ቤተሰብዎ «ሙሴ ሮሲ» ብሎ የያዘው የመጀመሪያ ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቦታ አድርገው ይሞክሩ።

የቁልምጫ ስም ከሆነ ሙሉውን ያውጡ። ቤፔ፣ ፔፒኖ ወይም ፒኖ ብዙ ጊዜ ጁሴፔ ነው። ጂጂ ሉዊጂ ነው። ቤርቶ አልቤርቶ፣ ኡምቤርቶ ወይም ሮቤርቶ ሊሆን ይችላል። ናንዶ ፈርዲናንዶ፣ ሚሞ ዶሜኒኮ፣ ቺቾ ፍራንቸስኮ፣ ቶኒኖ አንቶኒዮ። መዝገብ ላይ በቁልምጫ የተጻፈ አያገኙም።

ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፤ «ሮሲ» በላቲን ሲጻፍ «ኤስ»ው አንድ ይሁን ሁለት አማርኛው አይነግረንም። ስለዚህ ጠብቆ የሚነገር ድምፅ ያለበትን ስም በነጠላም በድርብም ይፈልጉ። «ኝ» በጣሊያንኛ በ«ጂ-ኤን»፣ «ክ» ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» በፊት በ«ሲ-ኤች»፣ «ቺ» በ«ሲ-አይ» ይጻፋል፤ «ዜድ» ደግሞ በአማርኛ ጆሮ «ዝ»ም «ጽ»ም «ስ»ም ሆኖ ይሰማል። ለአንድ ስም ስድስት ሰባት አጻጻፍ ካልዘረዘሩ ገና አልጀመሩም።

የቤተሰብ ስም ክልልን ይጠቁማል። በ«ን» የሚያልቁ እንደ ዛኒን ያሉ ስሞች ወደ ቬኔቶ፣ እንደ ፒራስ ያሉት ወደ ሰርዲኒያ፣ ኤስፖዚቶ ወደ ናፖሊ ይስባሉ። ሮሲ በመካከለኛውና በሰሜን፣ ሩሶ በደቡብ ይበዛል። የጣሊያን የቤተሰብ ስሞች በየኮሙኔው ያላቸውን ስርጭት በካርታ የሚያሳዩ ነጻ ድረ ገጾች አሉ፤ ስሙ ብርቅ ከሆነ ፍለጋውን ወደ ሁለት ሦስት ኮሙኔ ያጠቡልዎታል። ስሙ ሮሲ ከሆነ ግን ምንም አይጠቅሙም።

አንድ ተጨማሪ መለያ፦ በአሮጌ ወረቀት ከስሙ ቀጥሎ «ዲ ጆቫኒ» ወይም «ፉ ጆቫኒ» የሚል ካለ የአባቱ ስም ነው። «ዲ» ከሆነ አባቱ ያኔ በሕይወት ነበር፤ «ፉ» ከሆነ ሞቷል። ሁለት ተመሳሳይ ስሞችን በዚህ ይለያሉ።

4. ፎቶው ምን ይላል

ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ ስካን ያድርጉ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ የአንገት ምልክትን አያሳይም። ከዚያ በእነዚህ ላይ ያተኩሩ፦

አንገቱ (ኮሌታው) ላይ ባለአምስት ጫፍ ኮከብ ካለ የመደበኛው ጦር ነው፤ የታሰረ በትርና መጥረቢያ (ፋሾ) ካለ የጥቁር ሸሚዝ ሚሊሺያ ነው። ይህ ልዩነት የት እንደሚፈልጉ ይወስናል። ባርኔጣው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ላባ የአልፒኒ (የተራራ ጦር)፣ የራስ ቁር ላይ የተንዠረገገ ጥቁር ላባ የቤርሳሊዬሪ (ፈጣን እግረኛ ጦር) ነው። ሰማያዊ አዘል ግራጫ ልብስ የአየር ኃይል ነው። አዲስ አበባ ከ1936 በኋላ የነበረውን ሰው ሲፈልጉ «ግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ» የተባለውን ክፍለ ጦር ያስቡ።

ፖስታ ወይም ካርድ ካለ ማኅተሙን ያንብቡ። «ፖስታ ሚሊታሬ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር የጦር ሜዳ ፖስታ ቤቱ ቁጥር ነው፤ በቁጥሩ ክፍሉ የት እንደነበር ማወቅ ይቻላል፤ የጣሊያን የፖስታ ታሪክ ሰብሳቢዎች ዝርዝሩን በደስታ ያሳያሉ። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ደግሞ ከተማውን ያገኛሉ።

5. ወታደር ካልነበረስ?

የሲቪሉ ቁጥር ብዙ ነው፦ መንገድ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ አናጺ፣ መካኒክ፣ ጎሚስታ፣ የመንግሥት ጸሐፊ፣ ገበሬ። ሰፈሩ ፍንጭ ይሰጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ የተሠራው ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ነበር፤ ካዛ ፖፖላሬ ለተራው ሠራተኛ። ሆለታና ቢሾፍቱ አጠገብ ያረሰ ከሆነ የቀድሞ ወታደሮች ድርጅት (ኦፔራ ናዚዮናሌ ኮምባተንቲ) ያሰፈረው ሊሆን ይችላል። ወገራ፣ ጎንደር ዙሪያ የሰፈሩት ገበሬዎች ከሮማኛ፣ ጨርጨር ላይ ያሉት ከፑልያ፣ ጅማ አካባቢ የነበሩት ከቬኔቶ እንዲመጡ ታስቦ ነበር። እርሻ ነበረው የተባለ አያት የሰፈረበት ወረዳ እንግዲህ የአገሩን ክልል ሊነግርዎ ይችላል ማለት ነው።

በጣሊያን የመዝገብ ማውጫ ውስጥ የቦታ ስም ሲፈልጉ የዘመኑን አጻጻፍ ይጠቀሙ። ሸዋ «ኤስ-ሲ-አይ-ኦ-ኤ»፣ ጅማ «ጂ-አይ-ኤም-ኤም-ኤ»፣ ወሎ «ዩ-ኦ-ኤል-ኤል-ኦ» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ነቀምት «ሌከምቲ» ናት። ጅማ የነበረችበት ትልቅ ግዛት ስም ዛሬ ኦሮሞን የሚሰድብ ቃል አለበት፤ ማውጫው ግን እንደተጻፈ ነው የሚሄደው። ትግራይ ደግሞ በዚያ ጊዜ በኤርትራ ግዛት ሥር ነበረችና መቀሌ የነበረን ሰው «ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ ብቻ አይፈልጉት።

6. ፎልዮ ማትሪኮላሬ፦ ዋናው ወረቀት

ለወታደር ከዚህ የሚበልጥ ሰነድ የለም። እያንዳንዱ ጣሊያናዊ ወንድ ለውትድርና ሲመዘገብ በትውልድ አካባቢው የጦር ወረዳ (ዲስትሬቶ ሚሊታሬ) አንድ የአገልግሎት ገጽ ይከፈትለታል። ገጹ ሙሉ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ የልደት ቀንና ኮሙኔ፣ ቁመት፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም፣ ሙያ፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉን ይይዛል። ከሥር ደግሞ የአገልግሎቱ ታሪክ ይወርዳል፦ በዚህ ቀን ከናፖሊ ተሳፈረ፣ በዚህ ቀን ምጽዋ ወረደ፣ ወደዚህ ሻለቃ ተዛወረ፣ በዚህ ቀን ተማረከ፣ በዚህ ቀን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በዚህ ኮሙኔ ነዋሪ ነው። በክፍል 2 ያሰሉትን ቀን እዚህ ላይ ያስቀምጡት። ሰውየው በዚያ ጊዜ ገና ናፖሊ ከሆነ አያትዎ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) ዓመቱን ይገምቱ። ለወታደር ከ1908 እስከ 1916 ከተወለዱት ይጀምሩ፤ ለጥቁር ሸሚዝና ለሠራተኛ እስከ 1890 ወደ ኋላ ይሂዱ።

ለ) እነዚህ መዝገቦች ከ70 ዓመት በኋላ ወደ ክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ቤተ መዛግብት (አርኪቪዮ ዲ ስታቶ) ይተላለፋሉ። የሚጽፉት ስለዚህ ለጦር ሠራዊቱ ሳይሆን ለክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ቤተ መዛግብት ነው።

ሐ) ኮሙኔውን ካላወቁ መጀመሪያ የምልመላ ዝርዝሮችን (ሊስተ ዲ ሌቫ) ይመልከቱ። ብዙዎቹ ቤተ መዛግብት የስም ማውጫቸውን ኢንተርኔት ላይ አድርገዋል፤ ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይም ብዙ ይገኛል፣ በነጻ አካውንት።

መ) በጣሊያንኛ፣ በግማሽ ገጽ ይጻፉ። ስም (ከሁሉም አጻጻፉ ጋር)፣ የልደት ዓመት ወይም የዓመት ክልል፣ ኮሙኔ፣ የአባት ስም ካለ፣ «በምሥራቅ አፍሪካ ያገለገለ»፣ የፓስፖርትዎ ኮፒ። ታሪኩን በሙሉ አይጻፉ፤ መዝገብ ቤት ያለው ሰው የሚፈልገው የመፈለጊያ ቃል ነው።

የሚበላሸውም እዚህ ነው። የጦር ወረዳው ሁልጊዜ ከክፍለ ሀገሩ ጋር አይገጥምም፤ አንድ ኮሙኔ በአስተዳደር አንድ ቦታ ሆኖ በጦር ምልመላ የሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል፤ የክፍለ ሀገር ድንበሮችም ከዚያ ወዲህ ተለዋውጠዋል። «አልተገኘም» የሚል መልስ ከመጣ ሁልጊዜ «በዚያ ዓመት ይህ ኮሙኔ የየትኛው የጦር ወረዳ ነበር?» ብለው መልሰው ይጠይቁ። ሌላው፣ ከልደት ቦታው ተነስቶ ቱሪን ወይም ሚላኖ ሥራ ሲፈልግ የኖረ ሰው በዚያ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

ሮም ያሉት ትልልቆቹ ቤተ መዛግብት (ኤኡር በተባለው የሮም ሰፈር ያለው ማዕከላዊው የመንግሥት ቤተ መዛግብት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ታሪካዊ ቤተ መዛግብት፣ የጦር ሠራዊቱ ታሪክ ጽሕፈት ቤት) በፖሊሲና በሹማምንት ወረቀት የተሞሉ ናቸው። የቅኝ ግዛት ባለሥልጣን ወይም መኮንን ከነበረ ይጠቅማሉ። ለተራ ወታደር የመጀመሪያ በር አይደሉም፤ አብዛኛው ሰው ግን ከዚያ ይጀምርና ተስፋ ይቆርጣል።

7. ኮሙኔው ዘንድ

ኮሙኔውና ዓመቱ ከተገኙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የልደት መዝገቡን ሙሉ ቅጂ (ኮፒያ ኢንተግራሌ)፤ ዋናው ሀብት ጠርዙ ላይ ነው፣ ጋብቻው ብዙ ጊዜም ሞቱ እዚያ ተጽፎ ይገኛልና። ታሪካዊ የቤተሰብ ሁኔታ ወረቀት (ስታቶ ዲ ፋሚሊያ ስቶሪኮ)፤ የወንድም እኅቶቹን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ይሰጣል፣ አንዳንዴም «ወደ ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ሄደ» የሚል ማስታወሻ ይኖረዋል። ከዚያም የሞት መዝገቡን።

አሮጌ መዝገቦች ያለ ጥያቄም ይታያሉ። የመንግሥት ምዝገባ በአብዛኛው ጣሊያን ከ1866 ጀምሮ አለ፤ ሁለተኛው ቅጂ የገባባቸው ቤተ መዛግብት «አንቴናቲ» በተባለው ነጻ ፖርታል ላይ ምስሉን አውጥተዋል። በየገጹ መቃኘት ነው፤ በየዓመቱ መጨረሻ ግን የፊደል ተራ ማውጫ ስላለ መጀመሪያ እሱን ይክፈቱ።

ሙሉ ቅጂ ለማንም የሚሰጠው 70 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከ1890 እስከ 1916 ለተወለደ ሰው የልደት መዝገብ ይህ ችግር አይሆንም። ለኢሜይል መልስ ካጡ «ፔክ» በተባለው የተመዘገበ ኢሜይል አድራሻ ጽፈው እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ከተራ ኢሜይል የተላከን ብዙ ጊዜ አይቀበልም። የሕዝብ ምዝገባ ክፍሉን ተራ አድራሻ ይጠቀሙ፤ ከወር በኋላ በስልክ ይከታተሉ፤ ኦገስት ላይ ግን አይጻፉ፣ አገሩ ሁሉ እረፍት ላይ ነው።

8. ከ1941 በኋላ የጠፋው

«ትቶን ሄደ» የሚባለው ብዙ ጊዜ «ተማረከ» ማለት ነው። አዲስ አበባ ኤፕሪል 6 ቀን 1941 በእንግሊዞች እጅ ገባች፣ አምባ አላጌ ሜይ ላይ፣ ጎንደር ኖቬምበር 27። የተማረኩት ወደ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካና ህንድ ተወስደው አብዛኞቹ አገራቸው የገቡት ከጦርነቱ በኋላ፣ እስከ 1946 እና 1947 ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ጄኔቭ የሚገኘው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የምርኮኞች መዝገብ አለው፤ የሕዝብ ጥያቄ የሚቀበለው በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ በተወሰነ ቁጥር ብቻ ስለሆነ የሚከፈትበትን ቀን ከድረ ገጹ አይተው ሰዓቱ ሳይደርስ ይጠብቁ። የደቡብ አፍሪካውን የዞንደርዋተር ካምፕ መዝገብ የሚንከባከብ ማኅበር አለ።

ሞቷል ብለው ከጠረጠሩ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የወደቁ ወታደሮች ዝርዝር በስም ይፈለጋል። ከረን ትልቅ የጣሊያን ወታደሮች መቃብር አለ፤ ኬንያ ኒየሪ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በምርኮ የሞቱትን አጽም ከአኦስታው መስፍን ጋር ይዟል።

9. ዲኤንኤ

ወረቀት ለሌለው ልጅ ይህ የመጨረሻ ሳይሆን የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም የሚሻለው ተመርማሪ ሽማግሌው ነው። የጣሊያናዊው ልጅ በሕይወት ካለ እሱን ያስመርምሩ፤ ግማሽ ደሙ የአባቱ ነው። እርስዎ የልጅ ልጅ ከሆኑ ሩብ ያህል ብቻ ይዘዋል፣ ልጅዎ ደግሞ የዚያን ግማሽ። በውጤቱ ላይ ያለው «ከመቶ ይህን ያህል ጣሊያን» የሚለው ታሪኩ እውነት መሆኑን ከመናገር በላይ አይጠቅምም፤ ክልሉን የሚያሳይ ካርታ ላይ አይመኑ። የሚጠቅመው የዘመዶች ዝርዝር ነው። የአባት ብቻ እኅትና ወንድም በአማካይ 1,750 ሴንቲሞርጋን (የጋራ ዲኤንኤ መለኪያ) አካባቢ ይጋራሉ። አያታቸው ብቻ አንድ የሆነ፣ ከሁለት የተለያዩ ሴቶች የወረዱ የልጅ ልጆች 450 ገደማ።

የእናትየውን ወገን አንድ ዘመድም ያስመርምሩ፤ በእሷ በኩል የሚመጡትን ተዛማጆች ለመለየት። ጣሊያን ውስጥ ያለ ሰው ብዙም አልተመረመረምና የሚመጡልዎት ተዛማጆች ከአሜሪካ፣ ከአርጀንቲና ወይም ከአውስትራሊያ የሆኑ ስደተኛ ጣሊያኖች ቢሆኑ አይገረሙ፤ የቤተሰብ ዛፋቸው የሚነሳበትን ኮሙኔ ይመዝግቡ። ሁለት ሦስት ተዛማጆች አንድ ኮሙኔ ላይ ከተገናኙ ወደ ክፍል 6 ይመለሱ። ፈረንሳይ የሚኖሩ ከሆነ ለራስ ፍላጎት የሚደረግ ምርመራ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ይወቁ።

10. ሕግ፣ በአጭሩ

አያትን ማግኘትና ዜግነት ማግኘት የተለያዩ ናቸው። በጣሊያን ሕግ የሚያስፈልገው በሕግ የተረጋገጠ አባትነት ነው። አባትነት በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥ የመጠየቅ መብት ለልጁ ለራሱ ጊዜ አያልፍበትም፤ ልጁ ክስ ሳይጀምር ከሞተ ግን የእሱ ተወላጆች ያላቸው ጊዜ ከሞቱ ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው። እናትዎ ወይም አባትዎ በሕይወት ካሉና ቤተሰቡ ይህን መንገድ ሊሄድበት ከፈለገ ጠበቃ ማማከር ያለበት አሁን ነው። በ2025 የጸናው ሕግ ቁጥር 74 የዘር ዜግነትን በትውልድ ስለገደበው የድሮ ምክሮችን አይከተሉ።

11. ለዘመድ መጻፍ

ስሙ ተገኝቶ ልጆቹ ጣሊያን ውስጥ ካሉ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይጻፉ፣ ፌስቡክ ላይም አያውጡት። አንድ ሰው ይምረጡ፤ ቢቻል የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ፣ የራሱን ልጅ ሳይሆን። ለሩቁ ዘመድ ዜናው ወሬ ነው፤ ለልጁ የእናቱ ጉዳይ ነው። ቀኖቹን ደግመው ያስሉ፦ አባትዎ ወይም እናትዎ ሲወለዱ ሰውየው ጣሊያን ውስጥ አግብቶ ነበር? ከነበረ ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ አያንሱት።

ደብዳቤው በጣሊያንኛ፣ በእጅ የተፈረመ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ይሁን። ማን እንደሆኑ፣ የአባትዎ ወይም የእናትዎ ስምና የትውልድ ቀን፣ ሰውየው የነበረበት ከተማና ዓመት፣ አንድ የእሳቸው ፎቶ ኮፒ፣ የሚመልሱበት አድራሻ። ገንዘብም ውርስም ወረቀትም እንደማይጠይቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ጠበቃ አማክረው ክስ የሚያስቡ ከሆነ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አይጻፉት፣ ደብዳቤውም በጠበቃው በኩል ይሂድ። ዋናውን ፎቶ በፖስታ አይላኩ። መልስ ሦስት ወር ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው የቤተሰብ ቅርንጫፍ ይሂዱ። መልስ ከመጣም የመጀመሪያው ጥያቄዎ ፎቶ ይሁን፤ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ፣ ስሙን ሳይነግሩ፣ ከሌሎች አራት አምስት የዘመኑ ፎቶዎች ጋር ቀላቅለው ያሳዩ።